የአስታማሚዋ ነገር

ልጄ፣ ስለ እናትህ ጤና ስናወራ አንተ የምትነግረኝ ስለ ግፊታቸው፣ ስለ ስኳራቸውና ስለ መድኃኒቱ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቅህ ስለ እህትህ ነው። እንቅልፍ ታገኛለች? በሰዓቷ ትበላለች? ለራሷ ጉዳይ ከቤት ከወጣች ስንት ጊዜ ሆናት? ነገር የማስቀይስ እንዳይመስልህ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን ባሉባቸው ቤቶች እየገባሁ እየወጣሁ ነው። አንድ አዛውንት በደህና መያዛቸውን ለማወቅ አስቀድሜ የማየው አስታማሚያቸውን ነው። እሷ ከከሳች፣ ከተነጫነጨች፣ ፀጉሯን መሠራት ከተወች፣ የእናትህ አያያዝ ዛሬ ቢያምርም ብዙ አይዘልቅም።

ምክሬ ለአንተ ይሁን እንጂ ወላጆቻቸው ሰባን ለተሻገሩ፣ እነሱ ራሳቸው ገና ልጅ አሳድገው ላልጨረሱ ሁሉ ነው፤ አገር ቤት ላሉትም፣ ባሕር ማዶ ሆነው ገንዘብ ለሚልኩትም።

ይህን የምልህ በልምድ ብቻ አይደለም። ስቲቨን ዛሪት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። የመርሳት ሕመም የያዛቸውን አረጋውያን የሚያስታምሙ 29 ሰዎችን ስለ ድካማቸው ጠየቁ። ሕመሙ በጠናበት ቤት አስታማሚውም አብልጦ ይደክማል ብሎ ማንም ይገምታል። ውጤቱ እንደዚያ አልሆነም። የአስታማሚው ሸክም ከሕመምተኛው ጠባይ መበላሸት ጋር አልሄደም፤ የሄደው ሌሎች ዘመዶች ምን ያህል ጊዜ እየመጡ ይጠይቃሉ ከሚለው ጋር ነው። ጠያቂ በበዛበት ቤት ሸክሙ ቀለል ብሎ ተገኘ። ሃያ ዘጠኝ ሰው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ጥያቄዎቹ ግን በኋላ ተሻሽለው፣ በብዙ ቋንቋ ተተርጉመው፣ የአስታማሚን ድካም መለኪያ ሆነው ዛሬም ይሠራባቸዋል፤ ግኝቱንም እኔ በገባሁባቸው ቤቶች በዓይኔ አይቼዋለሁ።

እኛ ጋ ጥየቃ መች ጠፋ ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሰው አልጋ የያዘ ሰሞን ቤቱ ይሞላል። ብርቱካኑን፣ ሙዙን፣ ጁሱን፣ ሶፍቱን ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው። ግን ተመልከት፤ ያን ሁሉ ጠያቂ የምታስተናግደው ማን ናት? ሌሊቱን እየተነሳች እናቷን ስታገላብጥ ያደረችው እህትህ ጠዋት ቡና ትቆላለች፣ ቆሎ ታቀርባለች፣ ሕመሙ እንዴት እንደጀመራቸው ለእያንዳንዱ እንግዳ እንደ አዲስ ትተርካለች። አንዱ ጠበል ውሰጃቸው ይላታል፤ ሌላው ሐኪም ቀይሪ ይላታል፤ አንዷ ደግሞ እናትየው እየሰሙ «እንዴት ከሱብሽ!» ትላታለች። ሦስተኛው ወር ላይ በሩን የሚያንኳኳ የለም። ቀሪው ዓመትና ከዚያም በላይ የሆነው ጊዜ የእሷ ብቻ ነው።

ስለዚህ አጠያየቃችንን እናስተካክል። ስትሄድ የበሰለ ምግብ ይዘህ ሂድ። ቡና እንዳታፈላ ለምናት፤ ካስፈለገም አንተው አፍላ። «ሁለት ሰዓት እኔ አለሁ፣ አንቺ ተኚ ወይም ውጪ» በላት። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ናፍቋት ይሆናል፤ ፀጉሯን መሠራት ትፈልግ ይሆናል፤ ወይም ዝም ብላ መንገድ ለመንገድ መሄድ ብቻ ያምራት ይሆናል። ምን እንዳደረገች አትጠይቃት። ደግሞ ይህ በአንድ እሁድ አይለቅ። ማክሰኞ የአክስትህ ልጅ፣ ሐሙስ ጎረቤቷ፣ ቅዳሜ አንተ ተብሎ ይታወቅ፤ እህትህም ቀኑን ጠብቃ ቀጠሮዋን ትያዝ። መምጫው የማይታወቅ ጠያቂ፣ መልካም ሰው ቢሆን እንኳ፣ አስታማሚን አያሳርፍም። እረፍት የሚሆናት አስቀድማ የምታውቀው ሰዓት ነው።

ማስታመም ራሱ ሰው ይገድላል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ መልሱን ሁለት ጥናቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ይሰጡሃል። የመጀመሪያው ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ነው። የትዳር ጓደኞቻቸውን የሚያስታምሙ አረጋውያንን ለአራት ዓመት ያህል ተከታተሉ፤ ማስታመሙ ያስጨነቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ኃላፊነት ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። እያስታመሙ ጭንቀት የለብንም ያሉት ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ሁለተኛው ዴቪድ ሮዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ነው። 3,503 አስታማሚዎችን በዕድሜ፣ በጤናና በኑሮ ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር እያጣመሩ ለስድስት ዓመት ያህል አዩ። አስታማሚዎቹ ከሌሎቹ ይልቅ በ18 በመቶ ያነሰ ሞት ታየባቸው። እኔ ሁለቱን እንደማይጋጩ አድርጌ ነው የማነባቸው። እናትን መጦር በራሱ የሰውን ዕድሜ አያሳጥርም፤ እንዲያውም ሊያበረታው ይችላል። የሚጎዳው ጭንቀቱ ነው፤ ጭንቀቱን የሚያብሰው ደግሞ ብቻን መቅረት ነው። ስለዚህ እህትህን «ይህን ነገር ተይው» ብለህ አትገላግላትም፤ እናቷን መጦር ትፈልጋለችና። የምትገላግላት ከብቸኝነቱ ነው።

እንደ እኛ ላለ ሕዝብ ይህ ከባድ መሆን አልነበረበትም። እድራችንን ተመልከት። መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የአባላት ዝርዝር አለው፤ ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ የቀረ ይቀጣል። ሰው ሞተ ሲባል በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ድስቱ ይጣዳል፣ ሐዘንተኛው ምን ላድርግ ብሎ አይጨነቅም። ስቴፋን ደርኮንና አሉላ ፓንክረስት ያሉባቸው ተመራማሪዎች እድርን ሲያጠኑ የገረማቸው ይኸው ነው፤ ድሃ የሚባሉ ሰዎች ያለ ማንም አስገዳጅ እንዲህ በጽሑፍ የታሰረ፣ የሚሰጠውና የሚከፈለው አስቀድሞ የታወቀ መድን ማቆማቸው። ነገር ግን እናትህ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው ቢያዝና ሦስት ዓመት ቢተኙ፣ ለሦስቱ ዓመታት እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። ተረኛ የለም፤ መዋጮ የለም፤ የቀረ አይቀጣም። ለአንዱ የቀብር ቀን መቶ ሰው ይቆማል፤ ለሺህ ሌሊቶች አንዲት ሴት ልጅ ትቆማለች።

ይህ ግን የማይለወጥ ነገር አይደለም። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በጠናበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አስፍተው በቁም የታመመውን ወደ መርዳት ገብተው ነበር። ለታመመ አባል ብድር የሚሰጡ እድሮችም አሉ። አንተም የምትከፍልበት እድር ስብሰባ ሲጠራ ዝም ብለህ መዋጮህን ሰጥተህ አትመለስ። አልጋ የያዘ ሰው ላለበት ቤት አንድ ነገር እንመድብ ብለህ ተነስ፤ ብሩ ትንሽ ይሁን፣ ግን በደንቡ ይጻፍ። ከድንኳኑ ጋር ሁለት ተሽከርካሪ ወንበርና አንድ የሚታጠፍ የሕመምተኛ አልጋ በንብረት መዝገብ ቢገባ ስንት ቤት ይጠቅማል!

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው 1.8 ልጅ መሆኑን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ ያኔ 4.6 ነበር። እናትህ ስድስት ልጅ ወልደው ይሆናል፤ ከስድስቱ አንዷ ቀረች፣ ሌሎቹ ገንዘብ ላኩ። አንተ ግን ስታረጅ ምናልባት ሁለት ልጅ ነው የሚኖርህ፤ አንዱ ደግሞ ካናዳ ይሆናል። በአገራችን ስድሳን ያለፉት ከመቶ አምስት ያህል ቢሆኑም በቁጥር ከአምስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። አብዛኞቹ አርሰው ወይም ነግደው የኖሩ ስለሆኑ የጡረታ አበል የሚባል ነገር አያውቁም። ጡረታቸው ልጆቻቸው ናቸው።

ወደ ቤትህ ልመልስህ። የመጀመሪያው ሥራ የቤተሰብ ጉባኤ ነው። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ሚተልማን የመራችው ረጅም ጥናት፣ የአልዛይመር ሕመም የያዛቸውን የትዳር ጓደኞቻቸውን በሚያስታምሙ 406 ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ግማሾቹ ከአማካሪ ጋር ሁለት ጊዜ ለብቻቸው፣ አራት ጊዜ ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር ሆነው ተቀመጡ፤ ከዚያም እንደነሱ ከሚያስታምሙ ሰዎች ጋር በየጊዜው ተገናኙ፤ ሲጨንቃቸው ስልክ የሚደውሉለት ሰው ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ የእነዚህ ሰዎች ሕመምተኞች ከሌሎቹ ይልቅ 557 ቀን ያህል ዘግይተው ነው ወደ መጦሪያ ተቋም የገቡት። ከእርዳታው ዋና ክፍሎች አንዱ የቤተሰቡ ሰው ተሰብስቦ መነጋገሩ ነበር። እኛ አገር እንዲህ ያለ አማካሪ በየሰፈሩ ባይገኝም ሽማግሌ አለን። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ እንጠራ የለ? ወንድምና እህት ሳይጣሉ በፊትም ሽማግሌ መጥራት ይቻላል።

ጉባኤው ላይ መጀመሪያ እህትህ ትናገር። ታላቅ ወንድም አይክፈተው፤ ከውጭ በስልክ የገባውም አይቅደም። እሷ ተናግራ እስክትጨርስ ማንም አያቋርጣት። ከዚያ ወረቀት አውጡና የሳምንቱን ሥራ ጻፉ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ ማጠቡ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ ማጉረሱ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠቱ፣ ሌሊት መነሳቱ፣ አንሶላ ማጠቡ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ መያዙ፣ አጥሚት ማዘጋጀቱ ስንት ይወስዳል? ማን ነው የሚሠራው? ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲጽፍ ዝም ይላል። በብር የተሰላ ነገር ሁሉ ግልጽ ነበር፤ ማን ስንት እንደላከ ሁሉም ያውቃል። በሰዓት የተሰላ ነገር ግን ከዚያን ቀን በፊት አልነበረም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በጥናቱ በተካተቱት አገሮች በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ክፍያ የሌለው የእንክብካቤ ሥራ እንደሚሠራና ከዚህ ውስጥ 76.2 በመቶው በሴቶች እንደሚሠራ አስልቷል። ቁጥሩ ግዙፍ ስለሆነ ሩቅ ይመስላል። የእናትህ ቤት ወረቀት ላይ ስታየው ግን ስም አለው፤ የእህትህ ስም ነው።

እናትን ማጠብ ለሴት ልጅ ይቀላል ብትለኝ እቀበልሃለሁ፤ እናትህም በወንድ ልጃቸው መታጠብን ሊያፍሩ ይችላሉ፤ ይህ ሊከበርላቸው ይገባል። ግን ሌሊት ተነስቶ ውኃ ማጠጣት፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ማንሳት፣ ከጤና ጣቢያ ከሆስፒታል ካርድ ማውጣት፣ አንሶላ ማጠብ ወንድነትን አይነካም። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥም እንዲሁ። ይህን ሳነሳልህ አንድ ነገር አስምርበት፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው በአንድ ጎኑ ከቆየ ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው ታችኛው አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ደም እያጣ ይቆስላል። የአልጋ ቁስል ሲጀምር የቆዳ ቀለም መለወጥ ብቻ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ለወራት ላይድን ይችላል፤ ሰውም ሊገድል ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ መነሳት ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ለስንት ሳምንት ይችለዋል? ስለዚህ የሌሊት ተራ መግባት የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እናትህ እንዳይቆስሉ የሚያደርግ ሕክምና ነው።

ከባሕር ማዶ ገንዘብ ስለምትልኩት ልናገር፤ እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ። የምትልኩት ብር ባይኖር ብዙ ቤት ይዘጋ ነበር፤ ይህን አልዘነጋም። ነገር ግን የምትልኩት ለእናት ነው፤ ለመድኃኒት፣ ለዳይፐር፣ ለምግብ። እህትህ ከመሥሪያ ቤቷ የለቀቀች ቀን ደመወዟን ብቻ አይደለም ያጣችው። በግል ድርጅት ተቀጥራ ከነበረ ከደመወዟ 7 በመቶ እሷ፣ 11 በመቶ አሠሪዋ ለጡረታ ያስገቡላት ነበር፤ ያ ቆመ። በሕጋችን ቢያንስ 10 ዓመት ያላገለገለ ሰው የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል አያገኝም። በተቀጠረች በስምንተኛው ዓመት እናቷን ልትይዝ ከወጣችና ወደ ሥራ ካልተመለሰች፣ የራሷ እርጅና ያለ ጡረታ እንዲያልፍ ፈረደች ማለት ነው። ይህን የከፈለችው ለሁላችሁም ነው። ስለዚህ በየወሩ ከእናትህ ወጪ የተለየ፣ በእሷ ስም የሚገባ ገንዘብ ይኑር። ለምን እንዳዋለችው አይጠየቅ። እሺ አልልም ካለች፣ ብዙዎቹ አይሉምና፣ በስሟ ዕቁብ ግቡላት። ዕቁብ ሲወጣ የሚይዝ ነገር ይሆናታል፤ በየወሩ የሚመጣ ትንሽ ብር ግን ለእናቷ መድኃኒት ታውለዋለች፤ ይህን አትጠራጠር።

ውርስም አለ። ስለ ውርስ ወላጅ በሕይወት እያለ ማውራት ነውር ነው ይባላል። እኔ ግን አለመነጋገር ያፈረሳቸውን ቤቶች ስላየሁ ተነጋገሩ እላለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆችን እኩል ያካፍላል። አሥር ዓመት ያስታመመችውም፣ አሥር ዓመት ያልመጣውም እኩል ይወስዳሉ። ሕጉ አልተሳሳተም፤ በቤቱ ውስጥ የሆነውን ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቁት እናትህ ናቸው። ልባቸው ብሩህ ሳለ ለእህትህ የሚያደርጉት ነገር ካለ ኑዛዜያቸውን ይጻፉ፤ ጽሑፉ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረምበት። ይህን ማንሳት ያለበት ደግሞ አንተ ነህ፤ እሷ ብታነሳው «ቤቱን ፈልጋ ነው ያስታመመችው» ይሏታል። ሕግን ካነሳን፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅ ራሱን መርዳት ሲያቅተው ልጆች ቀለብ እንዲሰጡ እንደሚያስገድድ እወቅ፤ ግዴታው የአንዷ ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤት እንድትሄዱ አይደለም የምነግርህ። አንዱ ወንድምህ «እኔ ምን አገባኝ» ቢል ሽማግሌው ይህንን ይንገረው።

ሠራተኛ ቀጥረን እንገላገላለን የምትሉም አላችሁ። የምትቀጠረው ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ገና ልጅ ናት። ምግብ ልትሠራ፣ ልብስ ልታጥብ ተስማምታ ገብታ፣ ከወር በኋላ ከባድ ሕመምተኛ ስታነሳ፣ ሌሊት ስትነሳ ታገኛታለህ፤ ደመወዟ ግን ያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የቤት ሠራተኛን እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ አይጠብቃትም። ሸክሙን ከእህትህ ትከሻ አንስተህ ከእሷ በታናሽ፣ ከእሷ በደካማ ልጅ ላይ መጣል መፍትሔ ነው አልልም። ከቀጠራችሁ ሥራው ማስታመም መሆኑን ንገሯት፤ ለዚያ የሚገባውን ክፈሏት፤ የሌሊት እንቅልፏንና የእረፍት ቀኗን ጠብቁላት፤ እንዴት እንደሚነሳ፣ እንዴት እንደሚገላበጥ አስተምሯት።

እዚህ ላይ ባሕር ማዶ ያላችሁ የማታስቡት ሀብት አላችሁ። በዋሽንግተንና በአካባቢው ከሚኖሩት እህቶቻችን ስንቶቹ በአረጋውያን መጦሪያና በየሰው ቤት እየሄዱ በማስታመም ይተዳደራሉ! ሠልጥነው፣ ተፈትነው፣ ፈቃድ ይዘው። ወገባቸውን ሳይጎዱ ሰው ማንሳት ያውቁበታል፤ ለመዋጥ የሚቸገር ሰው እንዴት ቀና ተደርጎ እንደሚጎርስ ያውቃሉ፤ የቆዳ ቅላት ሲያዩ ይነቃሉ። ታዲያ ለእናታቸው ዶላሩን ይልካሉ እንጂ ዕውቀቱን አይልኩም። በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ካሜራ ከታናሽ እህታቸው ጋር ሆነው «እንዲህ ያዣት፣ ትራሱን እዚህ ጋ አድርጊ» ቢሏት ከዶላሩ ያላነሰ ዋጋ አለው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ደግሞ የሌላ ሰው እናት ሲጦሩ የራሳቸው እናት በታናሽ እህት እጅ ናቸው። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ አርሊ ሆክሺልድ እንዲህ ከአገር አገር የሚያያዘውን የእንክብካቤ ሰንሰለት ስም ሰጥታ ጽፋበታለች። የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ክፍያም ቪዛም የሌላት፣ እናት ቤት የቀረችው ናት።

መንግሥት የት ነው ያለው ብትል ተገቢ ጥያቄ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2000 አርባ ዓመት የሞላው ሁሉ የሚያዋጣበት የአረጋውያን እንክብካቤ መድን አቁማለች። ከዚያ በፊት የወላጅ ጡረታ በታላቅ ወንድ ልጅ ሚስት ላይ ይወድቅ ነበር። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤል አረጋውያንም ሰው ቤታቸው ድረስ መጥቶ እንዲረዳቸው የሚያደርግ ሕግ አላቸው። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣ ዘንድ መጠየቅ አለብን። ግን ጃፓን ውስጥ ዛሬም በየዓመቱ 100 ሺህ ያህል ሰው ቤተሰቡን ለማስታመም ሥራውን ይለቃል። መድኑ ሸክሙን ያቀላል እንጂ የቤተሰብን ቦታ አይወስድም። እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን ማዕከላት ደግሞ ማንም የሌላቸውን ከመንገድ እያነሱ ይጦራሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ልጅ ያለው ሰው ቦታቸውን ባያጣብብ መልካም ነው፤ በእርግጥ አቅም ያጣ ቤተሰብ ወደነሱ ቢሄድ ግን አይወቀስ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ባጭሩ። ከሸክሙ ውስጥ ሊነሳ የሚችል አለ። እናትህ ስላረጁ ነው እየተባለ የሚታለፈው ዕውርነት የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሳል። የሚያዩ እናት ወደ መጸዳጃ ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ እህትህም ያን ያህል ታርፋለች። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከቀባዠሩ እርጅና ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም የመድኃኒት መጋጨት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

እናትህንም ጠይቅ። ልጆች ተሰብስበው ሲመክሩ ባለጉዳይዋን የሚረሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ማን እንዲያጥባቸው ይፈልጋሉ? ከቤታቸው ወጥተው አንተ ጋ መምጣት ይፈልጋሉ ወይስ ጎረቤታቸውንና ደብራቸውን ትተው መሄድ ሞታቸው ነው? መናገር እየቻሉ ይናገሩ፤ ሰምታችሁም ጻፉት። ያን ጊዜ እህትህ ከባድ ነገር ስትወስን ብቻዋን አትሆንም፤ የእናቷ ቃል አብሯት ይኖራል።

መጨረሻ ላይ የማይቀረው ይመጣል። ያኔ እድሩ ይመጣል፣ ባሕር ማዶ ያሉትም በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ ሁሉም ይመጣል። እህትህ አላለቀሰችም ብለው የሚያሙ ይኖሩ ይሆናል። ሹልዝና ባልደረቦቹ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን ሲያስታምሙ ቆይተው ሞት የለያቸውን 217 ሰዎች ጠይቀው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። 72 በመቶው ሞቱ ለራሳቸው እረፍት ሆኖ እንደተሰማቸው ተናገሩ። እነዚህ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚችሉትን ሁሉ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። እህትህ ያ ስሜት ቢመጣባት ታፍራለች፣ ንስሐ ሊገባበት የሚገባ ኃጢአት ይመስላታል። ሐሜቱ ሳይደርሳት አንተ ቀድመህ ንገራት፤ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ከእሷም በፊት ብዙዎች እንደተሰማቸው ንገራት።

አርባው ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ይመለሳል። እሷ የምትመለስበት ሥራ የላትም፤ ጓደኞቿ ርቀዋል፤ ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፈው እንኳ ጠፍቶባታል። ቢያንስ አንድ ዓመት በየወሩ በስሟ የሚገባውን ገንዘብ አታቋርጡ። ሙያ መማር ወይም ወደ ቀድሞ ሥራዋ መመለስ ከፈለገች ክፍያውን ተካፈሉ። ወንድሞችህ ቤቱ ይሸጥ ብለው ሲነሱ ደግሞ ድምፅህን አሰማ፤ እህታችሁ የምታርፍበት ቤት እስኪገኝ፣ የምትኖርበት ገቢ እስኪቆም ድረስ ቤቱ አይሸጥም በል።